ዳግማዊ ምኒልክ እና የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ (ነሐሴ 12 ቀን 1836 – ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም.) ከ1857 ዓ.ም. ጀምሮ የሸዋ ንጉሥ፣ ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። በዐድዋ ድል፣ በአዲስ አበባ መቆርቆር፣ በባቡር ሐዲድ፣ በስልክና በፖስታ ስማቸው ይነሣል። በቤንዚን የሚሠራ አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ የገባውም በእርሳቸው ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ይህ መጣጥፍ የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት የሚመለከተው በተለይ ከመንገድና ከሞተር ጋር በተያያዘው በኩል ነው። በተጨማሪም በባሕር ጠረፍ አየር ታስቦ የተሠራ ሞተር በኢትዮጵያ ደጋ ሲነሣ ምን እንደሚያጋጥመውና ካርቡሬተሩ እንዴት እንደሚስተካከል ያብራራል። እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ከሌለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ልጅነት

ምኒልክ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በምትገኘው አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የውጭ አገር መልእክተኞችን በአንኮበር የተቀበሉና ለጦር መሣሪያ ልዩ ፍቅር የነበራቸው ንጉሥ ነበሩ።

በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ዘመቱ። ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ዘመቻ ወቅት ታመው ሞቱ። ገና የ11 ዓመት ልጅ የነበሩት ምኒልክም ተማርከው ወደ ሰሜን ተወሰዱና የኋላ ኋላ በመቅደላ አምባ ተቀመጡ።

በመቅደላ

መቅደላ ዛሬ አምባ ማርያም ይባላል። የሚገኘው በደቡብ ወሎ፣ በተንታ ነው፤ ከቦረናዋ ከተማ ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ መሆኑ ነው። አካባቢው በሸለቆ የተቆራረጠ ደጋ ነው። ከአንዱ አምባ ወደ ሌላው ለመሻገር እስከ ወንዙ ድረስ ወርዶ እንደገና መውጣት ያስፈልጋል። በዓይን ቅርብ የሆነ ቦታ በእግር የአንድ ቀን መንገድ ይሆናል።

ምኒልክ በቴዎድሮስ ቤት የተያዙት እንደ እስረኛ ብቻ አልነበረም። ከንጉሠ ነገሥቱ ልጆች ጋር አደጉ፣ የፈረስና የጦር ትምህርት ተማሩ፣ በኋላም የቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን አገቡ። በ1857 ዓ.ም. ሌሊት ከአምባው ወጥተው ወደ ሸዋ ሸሹ። መንገዳቸው በወሎዋ ገዥ በንግሥት ወርቂት አገር በኩል ነበር። የወርቂት ልጅ ያን ጊዜ በመቅደላ ተይዞ ስለነበር ሸሽተው የመጡትን ልዑል አሳልፎ መስጠት ልጇን ሊያስመልስላት ይችል ነበር። ቴዎድሮስ ግን የምኒልክን ማምለጥ እንደሰሙ ልጇን ገደሉት። ምኒልክም በወሎ በኩል አልፈው በነሐሴ 1857 ዓ.ም. ሸዋ ገቡና የአባታቸውን ዙፋን ያዙ።

ምኒልክ ከወጡ በኋላ ያ ደጋ እስከዚያ ጊዜ አይቶት የማያውቅ ከባድ ነገር በመንኮራኩር ሲጎተት አየ። ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያስቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መድፉን ወደ መቅደላ ለማድረስ ወራት ፈጀ። መድፉ ከመጎተቱ በፊት መንገዱ መሠራት ነበረበት፤ ገደሉ ተቆረጠ፣ ድንጋዩ ተነሣ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ አነሡ። በሺሎን ተሻግሮ አምባው ላይ የወጣው መድፍ ዛሬም እዚያው ይገኛል። በምዕራብ ወሎ ደጋ መንኮራኩር የጠየቀው የመጀመሪያው ነገር መንገድ እንደነበር ይህ ታሪክ ያሳያል።

ወረኢሉና የዐድዋ ጉዞ

ምኒልክ ሸዋ ከገቡ በኋላ ዓይናቸውን ወደ ወሎ አዞሩ። ከመካነ ሰላም በስተምሥራቅ የምትገኘውን ወረኢሉን የጦር ሰፈራቸው አደረጓት። ወረኢሉ ከሸዋ ወደ ሰሜን ለሚወጣ ጦር መሰብሰቢያ፣ ለስንቅም ማከማቻ ሆነች። በ1870 ዓ.ም. ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ ገበሩ፤ በዚያው ዓመት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ላይ ተገኙ። የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ያን ጊዜ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። በኋላም የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ፤ የምኒልክ አልጋ ወራሽ የሆኑት ልጅ ኢያሱም ከዚህ ጋብቻ በደሴ ተወለዱ።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከጣሊያን ጋር የተደረገው የውጫሌ ውል የተፈረመው በዚያው ወሎ፣ በ1881 ዓ.ም. ነበር። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ትርጉም መያዙ ወደ ጦርነት አመራ። የ1888ቱ የክተት አዋጅ ሲነገርም የመሰብሰቢያው ቦታ ወረኢሉ ሆነች። ከዚያ እስከ ዐድዋ የተጓዘው ከባድ ዕቃ ሁሉ በሰው ትከሻ፣ በበቅሎና በአህያ ተጫነ። መድፎቹ ተፈታትተው በበቅሎ ጀርባ ወጡ። ጦሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል አደረገ። ቢሆንም በጋማ ከብት ብቻ የሚንቀሳቀስ ጦር ስንቁ ሲያልቅ የሚቆይበት ቦታ እንደሌለው ዘመቻው አሳይቷል።

ንጉሡና የእጅ ሥራ

ምኒልክ ለማንኛውም አዲስ መሣሪያ የነበራቸውን ጉጉት በዘመናቸው ቤተ መንግሥታቸውን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች ደጋግመው መዝግበዋል። ጠመንጃ፣ ሰዓትና የፎቶግራፍ መሣሪያ ሲመጣላቸው አሠራሩን ማየትና መጠየቅ ይወዱ ነበር።

በ1871 ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከሁለት የአገሩ የእጅ ባለሙያዎች ጋር አንኮበር ደረሰ። ኢልግ ከ25 ዓመት በላይ በምኒልክ ዘንድ ሠራ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ አስገባ፣ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት አማካሪ ሆነ። የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ የተሰጠው ለእርሱ በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከምትባለው ቦታ ደረሰ፤ በገንዘብና በፖለቲካ ምክንያት ለዓመታት ከቆመ በኋላ አዲስ አበባ የገባው ግን ምኒልክ ከሞቱ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ከባድ ዕቃ ሁሉ ከድሬዳዋ በኋላ ያለውን ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ ያለ ሐዲድ መጓዝ ነበረበት።

በራሱ ኃይል የሚንቀሳቀስ የመጀመሪያው የመንገድ መሣሪያ በእንፋሎት የሚሠራ ነበር። በ1890ዎቹ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን መንገድ የሚደመድም የእንፋሎት ሞተር አስመጣ። ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር አለው። ባቡር የሚለው ቃል ያን ጊዜ በሐዲድ ለሚሄደው ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ በሞተር የሚሽከረከር ነገር ሁሉ፣ የእህል ወፍጮ ሳይቀር፣ ባቡር ተብሏል። በዚያው ጊዜ ግድም ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ለጋሪ የሚሆን መንገድ በጣሊያን መሐንዲሶች ተሠራ። ለአውቶሞቢል የሚሆን መንገድ በአገሩ መታየት የጀመረው በዚህ መልክ ነበር።

1900 ዓ.ም.፦ ሁለት አውቶሞቢሎች

1900 ዓ.ም. በምኒልክ ሕይወት ብዙ ነገር የተከናወነበት ዓመት ነው። በጥቅምት ወር የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። በዚያው ዓመት ሁለት አውቶሞቢሎች በተለያየ መንገድ አዲስ አበባ ገቡ።

አንደኛው እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሊ ያመጣው ነው። መኪናው በሲድሊ ስም ከሚሸጡት የእንግሊዝ አውቶሞቢሎች አንዱ ሲሆን 18 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ተመዝግቧል። ከቤንትሊ ጋር ዌልስ የተባለ የሞተር ባለሙያ አብሮ ነበር። ከባሕር ጠረፍ ተነሥተው በረሃውንና ተራራውን አቋርጠው ሲመጡ መኪናው በራሱ ኃይል የሄደበት ቦታ እንዳለ ሁሉ በሰውና በእንስሳት የተጎተተበትም ብዙ ነበር። የጉዞው ታሪክ በክሊፎርድ ሃሌ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1913 ለንደን ውስጥ ታትሟል።

ሁለተኛው ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ ያመጣው ናከ የተባለ መኪና ነው። ይህ መኪና የተሠራው በሳክሶኒ፣ በኮስቪግ ከተማ፣ በኤሚል ናከ ፋብሪካ ነው። ሆልትዝም እንዲሁ ስለ ጉዞው በጀርመንኛ መጽሐፍ ጽፏል። እንግሊዞችና ጀርመኖች የየአገራቸውን መኪና ለምኒልክ ለማሳየት መሽቀዳደማቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዐድዋ በኋላ በርካታ የአውሮፓ መንግሥታት በአዲስ አበባ መልእክተኛ ነበራቸው፣ ነጋዴዎቻቸውም ገበያ ይፈልጉ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ በአውቶሞቢሉ ተሳፍረው ሞከሩት። ያን ጊዜ 63 ዓመታቸው ነበር። በልጅነታቸው ከመቅደላ በእግርና በፈረስ የሸሹት ንጉሥ በእርጅናቸው ያለ ፈረስ በሚሄድ ሠረገላ ተቀመጡ። ይሁን እንጂ መኪናው ሊሄድባቸው የሚችሉት መንገዶች ከከተማይቱና ከአዲስ ዓለም መስመር ብዙም አያልፉም ነበር። በመካከላቸውም ከመንገድ ሌላ ሦስት ነገሮች ይጎድሉ ነበር፦ ነዳጅ፣ መለዋወጫና ሞተሩን የሚያውቅ እጅ። ቤንዚን በቆርቆሮ ታሽጎ ከባሕር ማዶ መምጣት ነበረበት። መለዋወጫ ቢጠፋ ከአውሮፓ እስኪመጣ ወራት ይፈጅ ነበር። የሞተሩ ባለሙያ ደግሞ ከመኪናው ጋር መጥቶ ከእንግዶቹ ጋር የሚመለስ ነበር።

ሞተሩ በደጋ አየር

የዚያ ዘመን የቤንዚን ሞተር ዋና ክፍል ካርቡሬተር ነበር። ካርቡሬተር ቤንዚንን በደቃቁ እየረጨ ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ ነው። የሚረጭ ቀዳዳ ያለውን ዓይነት የሠራው ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባኽ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1893 ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሞተሩ ሲምግ አየር በጠባብ ጉሮሮ በኩል በፍጥነት ያልፋል። በጉሮሮው ውስጥ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ከጎን ባለች ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን በጠባብ ቀዳዳ ተስቦ ወደ አየሩ ይረጫል። ጎድጓዳዋ ውስጥ ያለ ተንሳፋፊ የቤንዚኑን ከፍታ ይጠብቃል፤ ሲሞላ በሩን ይዘጋል፣ ሲጎድል ይከፍታል።

ቤንዚን በሚገባ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። የቀዳዳው ስፋት የሚወሰነው በዚህ ሚዛን ነው። በእንግሊዝ ወይም በጀርመን ፋብሪካ የተመረጠው ቀዳዳ የተለካው ደግሞ ለቆላ፣ ማለትም ለወፍራም አየር ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ በእያንዳንዱ ዙር የሚምገው አየር በይዘት ያው ቢሆንም በክብደት ያንሳል። ቤንዚኑ ግን በዚያው መጠን አይቀንስም። ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። አየሩም ስላነሰ፣ ድብልቁ በትክክል ቢስተካከል እንኳ፣ ሞተሩ ከጉልበቱ እስከ ሩብ የሚደርስ ያጣል። በባሕር ጠረፍ 18 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 14 ያህል ቢሰጥ ነው። ዳገቱ በሚበዛበት አገር ጉልበቱ የሚቀንስ መሆኑ የመጀመሪያዎቹን መኪናዎች ጉዞ ካከበዱት ነገሮች አንዱ ነው።

ውኃም በዚህ ከፍታ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይፈላል። ስለዚህ ራዲያተሩ ከቆላው ይልቅ ቶሎ ይፈላል። በዳገት ላይ መቆም፣ ማቀዝቀዝና ውኃ መጨመር የጉዞው አካል ነበር።

ብልሽትን መለየትና ማስተካከል

ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ መኪናዎች በኢትዮጵያ ደጋ የሚያሳዩት ጠባይ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አልተለወጠም። የሥራው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ነዳጁ ይታያል። የታሸገ ቤንዚን ሲገለበጥ አቧራ፣ ዝገትና ውኃ ይገባበታል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ በጎድጓዳዋ ሥር ይቀመጥና ቀዳዳውን ይይዛል። የጥንት ነጂዎች ቤንዚኑን በልዝብ ቆዳ ያጠሉት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቆዳው ቤንዚኑን ያሳልፋል፣ ውኃውን ያስቀራል። ሞተሩ ተነሥቶ ወዲያው የሚጠፋ፣ ወይም ሲፋጠን የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የቀዳዳው መዘጋት ይጠረጠራል። የተዘጋ ቀዳዳ በአየር ተነፍቶ ይጸዳል እንጂ በሽቦ አይወጋም፤ ሽቦው ቀዳዳውን ካሰፋው ልኩ ይጠፋል።

ቀጥሎ እሳቱ ይታያል። ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ የሞተሩን ሁኔታ ይናገራል። ጫፉ በደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከተሸፈነ ቤንዚኑ በዝቷል። ከነጣና የተቃጠለ ከመሰለ አየሩ በዝቷል። ቀለሙ ፈካ ያለ ቡኒ ከሆነ ድብልቁ ልክ ነው። ካርቡሬተሩን ከመነካካት በፊት የካንዴላውን ክፍተትና የእሳቱን ሰዓት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የካርቡሬተር የሚመስለው ችግር ብዙ ጊዜ የእሳት ችግር ሆኖ ይገኛል።

ከዚያ የአየር ማጣሪያው ይታያል። በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ አየር ስለሚከለክል የቤንዚን መብዛትን ምልክት ያመጣል። በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጋርኒሲዮን ከተቀደደ ደግሞ ያልተለካ አየር ይገባና ሞተሩ በሚኒሞ መቆም ያቅተዋል።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ሞተሩ ጥቁር ጭስ ካወጣ፣ ቤንዚን ከሸተተና በዳገት ከደከመ ምክንያቱ ከፍታው ነው። መፍትሔው ቀዳዳውን በአነስተኛ መተካት ነው። የተንሳፋፊውን ከፍታ በጥቂቱ ዝቅ ማድረግም ያግዛል። በቀጭን አየር ድብልቁ ቀስ ብሎ ስለሚነድ እሳቱን ትንሽ ማስቀደም ይጠቅማል። በ1900 ዓ.ም. የነበሩ መኪናዎች እሳቱን የሚያስቀድሙበት መወስወሻ መሪው አጠገብ ነበራቸው፤ ሥራው የነጂው እጅ ሥራ ነበር።

ሚኒሞ የሚስተካከለው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው። የድብልቁ ብሎን ቀስ እያለ ይዞራል፤ ሞተሩ ከሁሉ ይልቅ ለስላሳ ሆኖ የሚዞርበት ቦታ ሲገኝ ይቆማል። ከዚያ የፍጥነቱ ብሎን ዝቅ ይላል። ሁለቱ አንዱ ሌላውን ስለሚለውጥ ሥራው ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋገማል።

ለደጋ የተስተካከለ መኪና ወደ ቆላ ሲወርድ ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል። ሞተሩ ይግላል፣ በካርቡሬተሩ በኩልም ይተኩሳል። በዚህ ሁኔታ ለረጅም ጊዜ መንዳት የጭስ ማውጫ ቫልቮችን ያቃጥላል። ስለዚህ ደጋና ቆላ በሚያፈራርቅ መንገድ ላይ አንድ ቀዳዳ ለሁሉም ቦታ ልክ አይሆንም፤ ሜካኒኩ መኪናው ብዙ ጊዜ የሚውልበትን ከፍታ መርጦ ያስተካክላል።

የመጨረሻ ዓመታት

አውቶሞቢሎቹ በገቡበት ጊዜ የምኒልክ ጤና መታወክ ጀምሮ ነበር። በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ለመኪናውም ለባቡሩም ለስልኩም ይጎድል የነበረው የተማረ ሰው ነበርና ከአውቶሞቢሉ ቀጥሎ የመጣው ትምህርት ቤት ለአገሩ ከመኪናው ይልቅ ብዙ ጠቀመ። በዚያው ዓመት የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። በ1902 ዓ.ም. በጽኑ ታመው ሰውነታቸው ስለደከመ ከመንግሥት ሥራ ራቁ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። አፅማቸው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ይገኛል።

ከምኒልክ በኋላ

ከምኒልክ ሞት በኋላ የመኪናው ቁጥር በአዲስ አበባ ቀስ በቀስ ጨመረ። ወደ ወሎ የሚወስደው የመኪና መንገድ በስፋት የተሠራው ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። መንገዱ አዲስ አበባን ከኮምቦልቻና ከደሴ ጋር አገናኘ። ጣሊያኖች ከወጡ በኋላ የቀረው የጋራዡ ቋንቋ ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ሚኒሞ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በዐድዋ የተሸነፈው አገር ቋንቋ በኢትዮጵያውያን ሜካኒኮች አፍ የዕለት መግባቢያ ሆኖ ዛሬም ይኖራል። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ የመንገድ ሥራ የአገሩ መሥሪያ ቤት ሥራ ሆነ።

ምኒልክ በልጅነታቸው የኖሩበትና ጦራቸውን የሰበሰቡበት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለመኪና ዘግይተው ከተከፈቱት ቦታዎች አንዱ ነው። ከኮምቦልቻ፣ ከ1,800 ሜትር ግድም ተነሥቶ በደሴ፣ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል የሚያልፈው መንገድ ወደ ከፍተኛ ደጋ ይወጣል። ከዚያ ከ2,500 ሜትር በላይ ወደምትገኘው መካነ ሰላም ይደርሳል። ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም የሚሻገር ደግሞ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,500 ሜትር በታች ይወርዳል። ካርቡሬተር ያለው ቮልስዋገን ወይም አሮጌ ላንድሮቨር ይዞ በዚህ መስመር የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ከላይ የተገለጹትን ምልክቶች ሁሉ ሊያይ ይችላል፦ በደጋው ጥቁር ጭስና ድካም፣ በዓባይ በረሃ ደግሞ ግለትና በሙቀት የሚተን ቤንዚን።

ዛሬ አዳዲስ መኪናዎች የአየሩን ግፊት ለክተው ቤንዚኑን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ከፍታው ነጂውን እንደ ድሮው አያስቸግረውም። ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ መኪናዎች ግን በየክፍለ ሀገሩ ከተሞች አሁንም ይሠራሉ። በ1900 ዓ.ም. ከእንግዶቹ ጋር መጥቶ ከእንግዶቹ ጋር የሚመለሰው የባለሙያ እጅም አሁን የአገሩ ሰው እጅ ነው፤ በየጋራዡ ረዳት ሆኖ ካንዴላ ከማጽዳት የሚጀምር ልጅ ካርቡሬተር ፈትቶ መግጠምን ከታላላቆቹ ይማራል።